የእናታችን ቅዳሜ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአብዱልጀሊል፣ አረርቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትህ ብቻ ነው።

እንዳዘዝከኝ የቤተሰቡን የሕክምና ወረቀት በየስሙ ለይቼ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። የሥራ ቀንም ተከፋፍለናል። የዓርብ ገበያ የእኔ ነው። ቅዳሜ ባለቤቴ አሊ የእናታችንን ወረቀት ይዞ አንኮበር ካለው የጣሊያን ሐኪም ቤት የወባ ኪኒን ያመጣል።

እናታችን ግን በመስከረም ድናለች። ኪኒኑን ለማን እንደሚሰጠው አሊን ስጠይቀው፣ «ጫካ ያሉትንም ወባ ይይዛቸዋል» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ የአንኮበር ኬላ ወታደር፣ «በሽተኛዋ የታለች?» ብሎ ባዶ እጁን መለሰው። እናታችን ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲያው ቅዳሜን ለእኔ ስጡኝ» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ጋቢ ተከናንባ መንቀጥቀጥ ስትለማመድ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ አሊ በቅሎ ላይ አስቀምጧት ወጡ። ሌላ ጊዜ አሊ ለዐሱር ሶላት ይደርስ ነበር። አሁን መግሪብም ተሰግዷል። ልጆቹ፣ «አያታችን ምነው ቆየች?» ሲሉኝ፣ «መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ነው» አልኳቸው። ዝናብ ከጣለ ግን ወር አልፎታል።

ወንድምዬ፣ ዱዓህ ዛሬ አይለየን።

እህትህ ሰሊሃ፣ ከዓሊዩ አምባ