በስክሪን የበሰለ ማንጎ

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ጠዋት ማንጎ ስናወርድ አረፈድን። የመርሳ ሙቀት ዘንድሮ አይቻልም...

አዲሱን ስልኬን እወደዋለሁ! ስክሪኑ ማንጎዬን ፍም አስመስሎ ያሳየኛል። ስገዛው ሻጩ ብዙ ለፈለፈ፣ አልሰማሁትም። ቀለሙ የደመቀውን ያዝኩ፣ በቃ። ባሌ ጌትነት «ከማንጎው ፎቶው ይጣፍጣል» ይላል። ሹፌር ምን ያውቃል።

ለእትዬ ማና ፎቶ ላክሁ። ወልዲያ ጁስ ቤት አላቸው፤ ዋና ደንበኛዬ ናቸው። «በስሏል፣ ለነገ ላኪው» አሉ። እኔ ገና ቀን የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። ግን እሳቸው አይተው በስሏል ካሉ... ጫንኩት።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

እትዬ ማና ደወሉ። «ሂሩት፣ ጥሬ ትልኪብኛለሽ? ቢላ አይገባውም እኮ!»

«ፎቶውን አይተው የለም እንዴ?» አልኩ።

«ፎቶውማ ቢጫ ነው!»

ቢጫ? የኔ ስልክ ላይ ፍም የመሰለ ቀይ ነው። ቢጫው ከየት መጣ? «ስልክዎ አርጅቷል» አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«የኔስ ዓይን አያቃጥልም። ያንቺ ነው እንደ ሰርግ ቤት የሚያብለጨልጨው።» ዘጉት።

ማታ ጌትነት ሌላ ወሬ ይዞ ገባ። ስዩም፣ የውርጌሳው ማንጎ ነጋዴ፣ ለእትዬ ማና ናሙና ልኮላቸዋል አሉ። እሳቸውን ካጣሁ ማንጎው እጄ ላይ መበስበሱ ነው። አልለቅለትም!

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ከዚያው ዛፍ አንድ ማንጎ ይዤ ወልዲያ ሄድኩ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁትና ላክሁላቸው። ስልኮቹን ጎን ለጎን አደረግን። የሳቸው ላይ ቢጫ፣ የበሰለ። የኔ ላይ ፍም። ማንጎው ራሱ መሃል ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ጁስ የሚጠጣ ሀጎስ የሚባል መካኒክ «ለኔም ላኩልኝ» አለ። የሱ ላይ ግራጫ! «ትክክለኛው የኔ ነው፣ የናንተ ሜካፕ ነው» ይላል ደግሞ፣ ስክሪኑ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ! ሳቅን።

ለካ እትዬ ማናን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ልጃቸው ዳናይት ናት ስልኩን ቢጫ ያደረገችላቸው። ወደ ነጩ ስትመልሰው «ኧረ ተይኝ፣ ሆስፒታል መሰለ» አሉ። ሁላችንም የለመድነውን ነው ጥሩ የምንለው። እኔስ? አማረልኝ ብዬ ነው የወደድኩት... እውነቱን መቼ ጠየቅሁት?

ስወጣ ግን እትዬ ማና አልሳቁም። «ሳቁስ ሳቅ ነው። የመለስኩትን ደንበኛ ማን ያመጣልኛል? ለጊዜው ከስዩም እወስዳለሁ።»

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ከእንግዲህ ቀለም አልሸጥም። በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋለሁ፣ አሸታለሁ፣ አንዱን እቆርጣለሁ። ከዚያ ለእትዬ ማና የድምፅ መልእክት እልክላቸዋለሁ፤ «ይሄ ለነገ፣ ይሄ ለሐሙስ» ብዬ።

«ድምፅ ማን ይገዛል?» አለ ጌትነት። ይሳቅ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

መልስ የለም። ዛሬም ላክሁ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ደወሉ!

«ነገ ማርያም ናት፣ ሰው ይበዛብኛል። ስዩም ፎቶ ልኮልኛል፣ ወርቅ የመሰለ። ያንቺስ ደርሷል?»

ቤቱ ማንጎ በማንጎ ነው። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር... አንዱን አንስቼ ጫን አደረግሁት። ድንጋይ። አሸተትኩት። ምንም።

«አልደረሰም እትዬ። ለዓርብ ነው።»

ከኋላቸው የጁስ ማሽኑ ይጮኻል። በቃ፣ ሄዱ አልኩ።

«ለነገ አይሆንም ነው የምትይኝ?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ዓርብ ላኪልኝ» አሉ። «የስዩም ፎቶ ይቅር፤ ነገ ፓፓያ እጨምቃለሁ።»