ያላስጨረስኩህ ፊልም

ግርምዬ፣ የኔ ጌታ፣

በቅድሚያ የእትዬ ብርቄን ልንገርህ፤ የእሳቸውን ደህንነት ሳትሰማ ሌላ ወሬ እንደማይጥምህ አውቃለሁ። አንተ ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ፣ እሳቸው ግን አሁንም በግድግዳው በኩል ነው ሰላም የሚሉኝ። ባለፈው ወር እግራቸው አብጦ ሐኪም ቤት ቢሄዱ ስኳር አለብዎት ተባሉ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የውጤቱን ወረቀት እንደያዙ ከግቢው በር ጀምረው ላገኙት ሰው ሁሉ አወሩት። ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ልውሰድሽ ብትላቸው፣ መርፌዬን የሚወጋኝ ሰው እዚህ ሞልቶ ምን ላደርግ እሄዳለሁ ብለው እምቢ አሉ። እኔም ተራዬ ሲደርስ እወጋቸዋለሁ።

ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ሰው በሽታውን በገዛ አፉ ሲናገር ሳይ አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ የበሽታህን ስም እንዳትሰማ ያደረግኩህ እኔ ነኝ።

ሐኪሙ እኔንና ወንድምህን ለብቻ ጠርቶ ካንሰር መሆኑን፣ ጉበትህም ጋ መድረሱን የነገረን ቀን፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ላንተ ላለመናገር ተስማማን። ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም አልን፤ ሁሉም ቤት የሚደረገው እንደዚያው ነው። ወንድምህ ፊቱን ታጥቦ መጣ፣ እኔም ፈገግ ብዬ ገባሁ። ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ብቻ ተው አልኩህ። እስከ መጨረሻው በርበሬ ከለከልኩህ፣ ግርምዬ። ያንን የምትጠላውን አልጫ እያበላሁ ነው የሸኘሁህ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ ብቻ ያንገበግበኛል።

የቸርቻችን ወጣቶች ፊልም እንሥራ ብለው የተነሱት በዚያው ሰሞን ነው። ስለ አንድ በጠና ስለታመመ አባወራ ነው አሉ፤ ካሜራውን ለምነው አገኙ፣ ሶፋ ግን አጡና እኛ ቤት መጡ። አንተ ጌጃ ሰፈር ስንት ዓመት የሰው ሶፋ ስትሠራ ኖረህ በስተመጨረሻ ለራሳችን የሠራሃትን ቡናማዋን ፈልገው። ውሰዱ፣ ብቻ እግሯን እንዳትጎትቱ ብለህ ሰጠሃቸው። በሦስተኛው ቀን መለሷት።

ፊልሙ አዳራሽ ሲታይ አንተ አቅም አልነበረህም፣ ብቻዬን ሄድኩ። መቼም ምን ልበልህ፣ የሐኪሙ ጋዎን የፀጉር ቤት ነው። ሆስፒታሉም ሳሎኑም ያው አንድ መጋረጃ ነው። ሰውየው ሲያቃስት ከውጪ የታክሲ ረዳት ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ሲል ይሰማል። ሳቅን። ኋላ ግን ሚስትየው ባንተ ሶፋ ላይ ከባሏ ጎን ቁጭ አለችና፣ ካንሰር ነው፣ ብዙ ጊዜ የለህም ብለውኛል አለችው። በቃ፣ እንዲሁ ነገረችው። ሰውየው አለቀሰ፣ ከዚያ ልጆቹን ጠርቶ አንድ በአንድ ባረካቸውና በሰላም ሞተ። አዳራሹ ሁሉ ሲያለቅስ የኔ እንባ እምቢ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን የሚያየኝ ነበር የመሰለኝ።

ፊልሙን በቴሌግራም ሲልኩልኝ፣ ሶፋዬን ልያት እንጂ ብለህ ያዝከኝ። አጠገብህ ጋደም ብዬ አብረን አየን። ብቅ ባለች ቁጥር ስፌቷን ታሳየኝ ነበር። ሚስትየው ልትነግረው ቁጭ ስትል ጠብቄ አጠፋሁት። ባትሪው አለቀ አልኩህ። መጨረሻው እንዴት ሆነ ስትለኝ፣ ተጸለየለትና ዳነ አልኩህ። ጌታ ይመስገን አልክ። በኔ ውሸት ጌታን አመሰገንክ። ከዚያ ወዲህ ልጸልይ ስንበረከክ አንደበቴ ይያዛል።

ደግሞ ያቺ ቀን አለች። ሜሮን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጠራሃት፣ እጅህን ራሷ ላይ አደረግክና ልጄ ብለህ ጀመርክ። እኔ ከጓዳ ሾርባ ይዤ እየሮጥኩ ደረስኩ። ምነው እንደሚሄድ ሰው፣ ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ ብዬ መሃል ገባሁ። እጅህን አነሳህና ጠጣህ። በማግስቱ ግድግዳ ይዘህ ሶፋዋ ጋ ሄድክ፣ የግራውን መቀመጫ ገለበጥክ። ከሥሩ የሻይ እድፍ ነበረው። ለብቻህ ሳቅክና መልሰህ ገለበጥከው። በየቀኑ የምወለውላት እኔ የማላውቀውን እድፍ አንተ እንዴት አወቅከው አልኩ በልቤ፣ ግን አልጠየቅኩህም።

ሜሮን አሁን በቁመት በልጣኛለች። ሶፋዋ ቦታዋ ላይ ናት። ባለፈው እሁድ ከቸርች መልስ የሥራ ባልደረባህ ተክሌ መጣ፤ በግራ በኩል ሊቀመጥ ሲል መቀመጫውን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ እድፏ አለች እንዴ ብሎ ሳቀ። ወዲያው መቀመጫውን መለሰው። ከአፉ እንዳመለጠው ሳየው ገባኝ፤ ካልነገርከኝ አትሄድም ብዬ አናዘዝኩት።

አንድ ቀን እኔ መድኃኒት ልገዛ ስወጣ በሱ ስልክ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይታችሁታል። ሚስትየው ስትነግረው ሰውየው ደንግጦ ሻዩን ደፋው አለኝ፤ ወጣቶቹ መቀመጫውን ገልብጠው ነው የመለሱልን። እኔ ያኔ ዓይኔ እሷ አፍ ላይ ስለነበር ብርጭቆውን አላየሁም። አንተ ስቀህ ስቀህ ስታበቃ፣ እኔም እኮ እንደዚህ ሰውዬ ነኝ፣ ካወቅኩ ቆየሁ ብለኸዋል። ለሷ እንዳትነግራት፣ ማወቄን ካወቀች እህል አትቀምስም፣ ትዋሽና ትብላ ብለህ ቃል አስገብተኸዋል።

እንግዲያው ሜሮን ራስ ላይ እጅህን ስታደርግ እያወቅክ ነበር። እያወቅክ የጀመርከውን ነው ያቋረጥኩህ። ይቅር በለኝ ብልህ መልስህን የት እሰማለሁ።

ትላንት ሁሉንም ለሜሮን ነግሬያት ፊልሙን ሶፋህ ላይ ሆነን ጨረስነው። እድፏን አላጥባትም። መቀመጫውንም ገልብጬ እድፉን ወደ ላይ አድርጌዋለሁ፤ እንግዳ ሲጠይቀኝ ያንተን ታሪክ እነግረዋለሁ እንጂ አልሸፍነውም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ያቺ ያነሳሃት እጅህ ከዓይኔ አትጠፋም።

ያን እሁድ ተክሌ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያዝኩት። ለሜሮን ምን ሊላት እንደነበር ነግሮህ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። እሱን አልነገረኝም አለ። ሾርባው ግን ትንሽ በርበሬ ቢኖረው ጥሩ ነበር ብሎኛል አለና ሄደ።