ገዳሪፍ ሊከፈት የነበረው ወፍጮ

ኅዳር 4 ቀን 1999፣ ቡሬ
መጋዘናችን ውስጥ ከሠራተኞቹ ሴቶች ጋር በርበሬ ስንቀነጥስ ዋልን። ሲያስነጥሰኝ... ከሰዓት ባሌ ሚፍታህ ከመተማ ደወለ። ሱዳን ተሻግሮ፣ ገዳሪፍ ላይ ለወፍጮ የሚሆን ቤት አግኝቷል! ባለቤቱ በቃሉ ያዘለት። “የቡሬ በርበሬ ሲሉ መስማት ነበረብሽ!” አለኝ። ደስ ሲለው ድምፁ የልጅ ይሆናል።

ጥር 19
ታላቅ ወንድሜ አብዱልሀኪም ፍኖተ ሰላም ላይ ተሾመ። ለባለሀብት መሬት የሚሰጠው በሱ ፊርማ ነው አሉ። እማዬ በደስታ አለቀሰች። ሰላምታ የነፈጉን ሁሉ ዛሬ “ሁስናዬ” ሲሉኝ ዋሉ።

የካቲት 8
አብዱልሀኪም ለምሳ መጣ።
“እኔ እያለሁ ሰው አገር ምን ወሰዳችሁ? መሬቱም ብድሩም እዚሁ ይሁንላችሁ።”
ሲሄድ ሚፍታህ፣ “ገዳሪፍ ይቅርብን” አለኝ።
“ምነው?”
“እዚያ ማን ያውቀናል?”
እውነቱን ነው። ታዲያ እኔን ምን ከፋኝ?

ሚያዝያ 2
የወፍጮውን መሬት ተረከብን። ሚፍታህ አጥሩን ራሱ ቆሞ አሳጠረ።

ሰኔ 21
ወንድሜ በግምገማ ተነሳ። ለእህቱ መሬት ሰጠ ተብሎ... ሐሰት ነው እንዳልል አጥሩ እዚያ ቆሟል። መሬቱንም ቀሙን። ፍኖተ ሰላም ሄጄ አየሁት፤ ከስቷል። “ከመንገዳችሁ ያስቀረኋችሁ እኔ ነኝ” አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እሱን የቆጨነው እኛ ነን።

ሐምሌ 3
“ገዳሪፍ እንሂድ” አልኩት ሚፍታህን።
“ቤቱን ለሌላ አከራይተውታል።”
“ሌላ እንፈልጋለና!”
“በምናችን?”
“መጋዘኑ ይሸጥ።”
የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠው። እምቢ ግን አላለም።

ጥር 14 ቀን 2000፣ ገዳሪፍ
ወፍጮው ይሠራል፣ አልሐምዱሊላህ። ለፈቃዱ እንደማንም ተሰልፈን፣ ተጉላልተን... ወጣ። ትናንት አብዱልሀኪም ሻንጣውን ይዞ ከተፍ አለ። “ሥራ አላችሁ?” አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ሚፍታህ አቀፈው፤ ሻንጣውንም ተቀበለው። ዛሬ ዓይኑ በበርበሬ ቀልቶ ጆንያ ሲያወርድ ዋለ። አንዲት ደንበኛ፣ “ይሄ ደግሞ ማነው?” አለችኝ። አረብኛው አፌ ላይ እስኪመጣልኝ እሱ በቁርኣን ቤት አረብኛው ቀደመኝ።
“የሁስና ወንድም ነኝ” አላት።