የእህቴ ሱባኤ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 2፡15።
"እንጦጦ ላይ እግዚአብሔር ቅርብ ነው" ይላሉ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት። አመንኳቸው። ነገሩ በከፍታ ከሆነ እኛ የሲግናል ሰፈር ሰዎች መካከለኛ ነን። ከእኛ በታች ያሉትማ አበቃላቸው። አንቺም ደብተሬ፣ የምትውዪው መሳቢያ ውስጥ ነውና ብዙ ተስፋ አታድርጊ።

ዛሬ የኩላሊት እጥበት ቀኔ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ። ማሽኑ ደሜን አጥቦ ይመልሳል። ነፍሴን አይነካም።

ታናሽ እህቴ ራሔልም ዛሬ እንጦጦ ወጣች። የሰባት ቀን ሱባኤ። ስልክ ዝግ፣ ምግብ የተነከረ ሽምብራ። ምክንያቱ፦ ባለፈው ሳምንት ዶ/ሩ ኩላሊቷ ለእኔ እንደሚስማማ ነገራት። መስጠት ከፈለገች ግን በነጻ ፈቃዷ፣ ማንም ሳይጫናት ነው። እሷ ምን አለች? "እንግዲያው እ/ርን ልጠይቅ።" የራሷን ፈቃድ ቢጠይቋት የሌላ ሰው ፊርማ ልታመጣ ሄደች። አሥራ ስምንት ዓመት ጸሐፊ ሆና ሠርታለች፤ ያለ አለቃ ፊርማ ወረቀት አታንቀሳቅስም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከሰዓት።
መጻሕፍቴን አገላበጥኩ። ስለ ነጻ ፈቃድ የጻፉ ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ነው፦ ወደ ውስጥህ ተመለስ። እሺ፣ ተመለስኩ። ውስጤ አንድ ቁጡ መምህር ተቀምጦ የሰው ፈተና ያርማል። ሌላ ማንም የለም።
ውሃ ጠማኝ። ለቀኑ የተፈቀደልኝ አልቋል።
ፈርቻለሁ። (ይህን አላነበብሽም።)

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። 9 ሰዓት።
ሹራብ ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ብርድ ነው በሚል ሰበብ። ባሕር ዛፉ መሃል ሦስቴ ቁጭ ብዬ አረፍኩ። የገዳሙ በር ላይ ያሉት አባ አላስገቡኝም።
"ወንድሟ ነኝ፣ አባ።"
"እዚህ የሚመጣው ሁሉ የአንድ ሰው ወንድም ነው። አርምሞ ላይ ናት።"
አምላክ የሚሆነውን አስቀድሞ ካወቀ ሰባት ቀን መለመን ምን ይባላል አልኳቸው። ሹራቡን ተቀብለው እጅጌውን በክንዳቸው ለኩት።
"ለእኔም ልክ ነበር" አሉ።
ፍልስፍና በአገራችን የደረሰበት ደረጃ ይኸው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። 11 ሰዓት።
ወረደች። ከስታለች። ከእጥበት ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ አገኘችኝ።
"እህስ፣ ምን አለሽ?"
"ምንም አላለኝም፣ ጋሼ።"
ሰባት ቀን ሙሉ! ለዚህ ለዚህማ እኔም ምንም አልልሽም ነበር፣ እዚሁ ሶፋው ላይ፣ ከነምሳሽ። ከዚያ አፌ ተፈታ። ነፍስ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ቢሮ አይደለችም አልኳት። ፈቃድ የተሰጠን ልንሠራበት እንጂ መልሰን ልናስረክበው አይደለም አልኳት። ጥሩ ተናገርኩ። ከመምህርነት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ አልተናገርኩም።
"ጨረስክ፣ ጋሼ?"
ጨረስኩ።
አልተነሳችም። ፊቴን እያየች ቆየች፤ የቀረ ነገር ያለኝ ይመስል። ከዚያ ሾርባ ላሙቅልህ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ቆይ። ኩላሊቷ እንደሚስማማ የነገራት ዶ/ሩ ነው። የፈቃድ ቅጹን የሰጠቻት የሆስፒታሉ ነርስ ናት። እኔ፣ ስጪኝ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።