ሳይገለበጥ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት

ኅዳር 9፣ ከቢሮ

ለተከበሩ አርክቴክት፣ ለልጄ፦

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህ ናፍቃሃለች፤ እኔ እንኳ ሥራ በዝቶብኛል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «አባዬ፣ የማንበቢያው ክፍል ከምሳ በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል፤ አንባቢው ሸሸ፤ አሠሪዎቹ ሊከሱኝ ነው፤ ምን ይሻላል?» ትላለህ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናትህ «ምን ተገኘ?» ብላ መጣች። «ልጅሽ አባት እንዳለው ትዝ አለው» አልኳት።

ንድፌን ከጠረጴዛዬ አንስተህ፣ ሄደህ የራስህን ቢሮ ስትከፍት ግን አላማከርከኝም። በቤተ መጻሕፍቱ ምረቃ ቀን «ሐሳቡ የራሴ ነው» ስትል ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ። አጨብጭቤልሃለሁም።

የቢሯችን መስኮት ወደ ደቡብ ስለሆነ፣ እኔ እሱን እያየሁ ስነድፍ ሰሜን ሁልጊዜ ከወረቀቱ ግርጌ ነው። ገልብጠህ የሰሜኑን ቀስት የምታደርግበት አንተ ነበርክ። «አባዬ ዓለምን ዘቅዝቆ ነው የሚያያት» እያልክም ትቀልድብኝ ነበር። ያንን ንድፍ «የራሴ ነው» ስትል ግን እውነትም የራስህ መሰለህ፤ ሳትገለብጠው ቀስቱን ወደ ላይ አደረግክበት። ቦታው በሰሜንም በደቡብም መንገድ ስላለው ማንም አልነቃም። ለጠዋት ፀሐይ ያሰብኩት ክፍል የከሰዓቷን ታቀፈ።

እኔ ነቅቻለሁ። መሠረቱ ሲቆፈር በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ፎርማኑ «ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ ጎበዝ ወጣልዎት!» አለኝ። «አዎ፣ እኔን እንኳ አላስፈለገውም» ብዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ። አንድ ቃል ብተነፍስ ትድን ነበር። አንጀቴን አቁስለኸዋልና አልተነፈስኩም፤ አይጸጽተኝምም።

መፍትሔ አለው? አለው። ጥላ የሚሰጥ በረንዳና የሚከፈት የሚዘጋ መከለያ ስዬ ጨርሻለሁ። እዚያው ክፍል እየተቀመጥኩ፣ ላቤን እየጠረግኩ ነው የሳልኩት፤ ከእኔ በቀር የሚቀመጥበት የለም። እንዲያም ሆኖ ያምራል፤ አሠራርህ ንጹሕ ነው።

አልልክልህም ግን። እናትህ ለምናኝ እምቢ ብያታለሁ። ከፈለግከው አሠሪዎችህን ይዘህ ና፤ ፊቴ ቆመህ «የአባቴ ሥራ ነው» በላቸው። እስከዚያው ይንደድ።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ፤ ዕድሜም አይንፈግህ። ከምሳ በኋላ እዚያው ክፍል እጠብቅሃለሁ፤ ዛሬም፣ ነገም። ፀሐይ ስትነካህ ራስህን ያምሃልና ኮፍያ ማድረግ እንዳትረሳ።

አባትህ