ለእኔ ሽሮ፣ ለማሙሽ ዶሮ

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ውዬ ወገቤ ተቆርጧል። በሩን ስከፍት ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ደስ አለኝ... ከዚያ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ። ታዲያ ዶሮው ለማን ነው? ለውሻው! ሚስቴ ጸዳለ ቀቅላ፣ አጥንቱን ለቅማ፣ አቀዝቅዛ አቀረበችለት። ለእኔ ሽሮ።

“እሱ ምን ጾም አለበት?” አለች።

እውነቷን ነው። ግን ስሙስ? ማሙሽ ብላ ያወጣችለት እሷ ናት። በትዳራችን ዘመን ሙሉ እኔን አንድ ቀን ማሙሽ ብላኝ አታውቅም።

ኅዳር 19

የጎረቤት ብስክሌት ተሰረቀ። ሰፈራችን ስቶክዌል እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ ምልክት አሠርቼ በራችን ላይ ለጠፍኩ፦ “ኃይለኛ ውሻ አለ”። አዲስ አበባ ውሻ የሌለው ሰው እንኳ በሩ ላይ ይጽፋል፤ ማን ደንግጦ ያውቃል?

የእኛ ኃይለኛ፣ የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ሲጮህ አልጋ ሥር ይገባል። ሶፋው ላይ ግን የእኔን ቦታ ይዟል። ውረድ ስለው አየት አደረገኝና ዓይኑን ጨፈነ።

ኅዳር 24

የሥራ ባልደረባዬ አምሃ መጣ። አምሃ የማያውቀው ነገር የለም። ገና ከበሩ ሳይገባ፣ “ይሄማ ኤክስ ኤል ቡሊ ነው!” አለ። ያ ሰው ነከሰ እየተባለ በዜና የሚወራው፣ ካለፈው ፌብሩዋሪ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማኖር ወንጀል ነው የተባለው ዓይነት።

“ድብልቅ ነው። እናቱ ስታፍ የሚባለው ዘር ናት፣ አባቱን ማንም አያውቅም” አለች ጸዳለ። ፊቷ ጠቆረ።

“ፖሊሶች ያለ ፈቃድ ካገኙት ይወስዱታል። ሊገድሉትም ይችላሉ። መዘዝ ሳያመጣባችሁ አስወግዱት።”

የልቤን ልጻፍ፣ ማንም አያየው። ደስ አለኝ። ሶፋዬ ታየኝ።

ኅዳር 27

እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ጸዳለ ዲኤንኤ ቼክ ይደረግልን አለች። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ሕጉ የሚያየው መልኩን ነው እንጂ ዘሩን አይደለም አለች። ጭንቅላቱ፣ ደረቱ፣ ቁመቱ... ወንድ ከሆነ እስከ ትከሻው ሃምሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሞላና መልኩም ከገጠመ፣ ከተከለከለው ዓይነት ይቆጠራል።

ቤት ገብተን ለካነው። አንዴ ሃምሳ፣ አንዴ ሃምሳ ሁለት። አይቆምማ! ጸዳለ ሜትሩን ጥላ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

አምና ሆስፒታል ስተኛ ለእኔ እንዲህ አልቅሳለች? አላየሁም። በዚህ ዕድሜዬ ከውሻ ጋር ልፎካከር?

ታኅሣሥ 6

ፖሊስ ደወለ። አንድ ሰው በራችን ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ አመልክቷል። መጥተው ማሙሽን ሊያዩት ነው።

ጸዳለ ምልክቱን ገንጥላ መሬት ላይ ወረወረችው። “እዚህ አገር በገዛ እጁ ውሻዬ ኃይለኛ ነው ብሎ የሚለጥፍ ማነው?”

“ለሌባ ብዬ እኮ ነው...”

“አውቀህ ነው። ትቀናበታለህ!”

አውቄ ነው እንዴ? ስለጥፈው በልቤ የነበረው ሌባ ብቻ ነው። ግን ሊወስዱት ይችላሉ ሲባል ለምን አላዘንኩም?

ታኅሣሥ 11

ፖሊስ መጣ። ጸዳለ ሥራ ላይ ናት፤ አዛውንት የምትንከባከብበት ቤት የሚተካት ሰው አጥታ ቀረች። እኔና ውሻው ብቻ። ፖሊሱ ረጅም ነው፣ መለኪያ እንጨት ይዟል። ማሙሽ ሲያየው ተንቀጠቀጠ። አልጋ ሥር ይገባል ስል በእግሮቼ መሃል ገባ። የልቡ ምት ሱሪዬን አልፎ ተሰማኝ።

ተንበርክኬ ያዝኩት። “አይዞህ ማሙሽ፣ እኔ አለሁልህ።” ማሙሽ! ከአፌ ወጣ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ፖሊሱ ለካው፤ አርባ ዘጠኝ። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ ጭንቅላቱንም ደረቱንም አየ።

“ድብልቅ ነው። ከተከለከለው ዓይነት አይደለም” አለ።

ለጸዳለ ደወልኩላት፣ ድምፄ አልወጣ አለ። ደንግጣ ጮኸች። “ደህና ነው፣ ደህና ነው...” አልኳት።

ሰውየው ሊሰናበተው ጎንበስ ሲል ማሙሽ በጀርባው ተገልብጦ ሆዱን ሰጠው። ለፖሊስ! ያቀፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? በሩን ቶሎ ከፈትኩለት።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሶፋው ላይ እኔና ማሙሽ፣ ጸዳለ ወንበር ላይ። “ቦታዬን ወሰዳችሁት” ብላ አኮረፈች። ዶሮውን ዛሬ የቀቀልኩለት እኔ ነኝ።

አምሃ ለምሳ መጣ። ማሙሽ ከአጠገቤ ወርዶ ሄደና ጭንቅላቱን አምሃ ጭን ላይ አሳረፈ። አስወግዱት ያለው ሰው ጭን ላይ! “ና ወዲህ!” ብዬ ጮህኩ። አልመጣም። ጸዳለ በሳቅ ፈረሰች።

ለፋሲካ አምሃን አንጠራም።