መንገዱን የሚያውቀው ካሴት

ለማትጠገበው ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም እንዴት ናችሁ? ወገብህስ? ያ መጋዘን ሳጥን ሲያሸክምህ ውሎ ማታ ማታ እንደ አሮጌ አልጋ መንቋቋትህን ተውክ ወይስ ባሰብህ? ቅባቱን እየተቀባህ ነው ወይስ እንደ ልማድህ ገዝተህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ እንግዲህ አልጋ ላይ የዋለ የለም ማለቴ ነው። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ቆመው የሚያነቡት ደብዳቤ አይደለም።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን «ካሴቱስ ምን ደረሰ?» ባልክ ቁጥር ስለ ዝናቡ እቀባጥርልሃለሁ። መቼም ታውቀኛለህ፤ ስደብቅ ቶሎ ቶሎ ነው የማወራው። አባባም አጠገቤ ተቀምጦ ከንፈሬን ያያል። ጆሮው እየሸሸው ከመጣ ወዲህ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ከአፍ ላይ አይነቅልም። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

የጆሮውን ነገር በደንብ አልነገርንህም። ቀኙ ከሄደ ቆይቷል፤ እሱን ታውቃለህ። አሁን ግራውም ተከትሎት እየሄደ ነው። የጆሮ ሐኪሟ መሣሪያውን ለወጠችለት፣ ጆሮውን አጠበችለት፣ በመጨረሻ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ መሣሪያ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም አለችኝ። ለአባባ ስነግረው ብዙም አልተጨነቀም። «እንግዲያው ጨርሶ ሳይዘጋ እናትሽን አንዴ ልስማት» ብቻ ነው ያለኝ። አንተ ደግሞ በዚያው ሰሞን ደውለህ፣ የእማዬ ፊት ይመጣልኛል፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስም አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለውም አልከኝ። አባትና ልጅ ሳትነጋገሩ አንድ ነገር ጠየቃችሁኝ።

እኔም ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩት። አቧራውን ሳራግፍ ልጄ በማስነጠስ ልትሞት ነበር። ከውስጡ የወጣው ካሴት ያሰብነውን ያህል አይደለም። አንዱ የአክስታችን ሠርግ ነው፤ እማዬ አለችበት፣ ግን ሙዚቃው ስለሚጮህ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ ብቻ ነው የምትታየው። አንዱን ሻጋታ በልቶታል። ሦስተኛው በእሷ ሻርፕ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ነው። አባባ ገና ከሩቅ ሲያየው «እሷ እሱ ውስጥ ናት» አለ። እኔም አመንኩት። ይኼን ሁሉ ዓመት የእማዬ ካሴት ስንለው ኖረን የለ?

እስቲ ያን ካሴት አስታውሰው። አንተ በሄድክ በዓመቱ ያ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ጎረቤታችን ካሜራውን ይዞ መጣና እማዬን ቀረጻት፤ በሰው እጅ ላክንልህ። አንተ አይተህ ስታበቃ እዚያው ላይ የራስህን ቀድተህ መለስክልን። እኛም አይተን እዚያው ላይ የእሷን ቀድተን ላክን። እንዲህ ሲመላለስ ኖረ። አዲስ ካሴት እንጠቀም ሲባል እምቢ ያለችው እሷ ናት። «ይኼኛው መንገዱን ያውቀዋል» ነበር የምትለው፤ ሌላው ይጠፋል፣ ይኼ አይጠፋም። አንዱ ሌላውን እየበላ እንደሚሄድ ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ካየነው በቃ፣ እሷ እንደሆነች ወጥ ቤት አለች፤ ያለን ሰው ድምፅ ማን ያጠራቅማል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ካሴት ግን ይለቃል።

የመጨረሻው፣ አንተ የላክኸው፣ እሷ ካረፈች በኋላ ነው የደረሰን። ማን ደፍሮ ይየው? አባባ በሻርፗ ጠቀለለውና ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣው፤ እዚያው ቀረ። እንግዲህ አስበው፤ ከአንተ ዘንድ በመጣ ካሴት ላይ ያለኸው አንተ ነህ እንጂ እሷ አይደለችም። ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ግን ሐዘን ሰውን ያጃጅላል፤ ሻርፑ የእሷ ስለሆነ ውስጡም የእሷ መሰለን።

ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ቃል ስለማያባክን ሁሉም «ቁጥቡ» ነው የሚለው። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ትከሻውን ማጥበብ አለበት። ግድግዳው ሙሉ የሞቱ ቴሌቪዥኖች ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ የቪዲዮ ዴኮች ተደርድረዋል። አባባን ቤት ጠብቀኝ ብለው እምቢ አለ፤ ጺሙን ተላጭቶ፣ ያንን ጥቁር ኮቱን ለብሶ መጣ። ወዴት እየሄደ እንደመሰለው ይገባሃል።

ቁጥቡ ካሴቱን አገላብጦ አየና ጠርዙ ላይ የተለጠፈችውን የቁስል ፕላስተር በጥፍሩ ነካ አድርጎ ማን እንደለጠፋት ጠየቀ። ለካ እዚያ ጋ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፤ እሷ ከተሰበረች ካሴቱ ሌላ ነገር አልቀበልም ይላል። ቪዲዮ አንሺው የመጀመሪያው የእማዬ ቃል እንዳይጠፋ ብሎ ሰብሯት ኖሯል። ቀዳዳውን በፕላስተር ከደፈኑት ግን እንደገና ይቀዳል። ጥያቄውን በአባባ ጆሮ ጮክ ብዬ ስደግምለት ሳቀ። «እሷ ናታ! ጣቷን ቆርጧት የተረፈ ፕላስተር ነበር» አለ።

ካሴት የሚገለበጠው ክሩ እየሄደ ነው፤ አይቸኩልም። ስለዚህ ሦስታችንም ተቀምጠን ጠበቅን። ያ መስመር መስመር የሚለው ነገር አለፈና አንተ መጣህ። አልጋ ላይ ተቀምጠሃል፤ ክፍል ውስጥ ሆነህ ካፖርት ለብሰሃል፤ ከስተሃል። እማዬ አታስቢ፣ ደህና ነኝ አልካት። አዲስ የገዛኸውን ማንቆርቆሪያ አንሥተህ አሳየሃት። በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ፣ ከመጣሁ ደግሞ ቶሎ አልመለስም አልክ። ከዚያ የምትለው አለቀና ወደ ጎን እያየህ ካሜራውን ዘጋኸው። አባባ እስክትጨርስ ድረስ አየህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እሷስ?» አለኝ። የእሷ ጠፍቷል፣ በላዩ ላይ ተቀድቶበታል ብዬ ስጮህ ደረጃውን የሚወርደው ሰው ሁሉ ሰማ። ቁጥቡም ራሱን ነቀነቀ፤ ከተቀዳበት ሥር የሚገኝ ነገር የለም ማለቱ ነው።

ልንገርህ፣ ተናድጄብህ ነበር። ጥፋት እንደሌለብህ እያወቅኩ ተናደድኩ። ታክሲ ውስጥ አባባ ኮቱን እንደቆለፈ መስኮት መስኮቱን ሲያይ እኔ በሆዴ አንተን ስሰድብ ነበር። ምን ነበረበት አዲስ ካሴት ቢገዛ እላለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሁሉ ያበገነኝ ግን ያ «በሚመጣው ዓመት» ነው። ስንቱ የሚመጣው ዓመት መጥቶ ሄደ። ወይ ወረቀቱ አላለቀም፣ ወይ ልጁ ታመመ፣ ወይ አለቃህ ፈቃድ ከለከለ። ሁሉም እውነት ነው፣ አንድም አልዋሸኸንም። እውነትም ግን ሲደጋገም ያስኮርፋል። ይህን ሳልጽፍልህ ብቀር እህትህ አይደለሁም።

በማግስቱ ቁጥቡ ደወለ። ያ ሰው ስልክ ካነሣ ነገር አለ ማለት ነው። በሥራው ላይ አንድ ልማድ አለው፤ ባዶም ቢሆን ክሩ እስኪያልቅ ካሴት አያወጣም። እኛ ስንሄድ እንደሚዞር ትቶት ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ሴት ታወራለች። ለእኔ ግን «ነይ» ብቻ ብሎ ዘጋው።

ወንድም ጋሼ፣ አንተ ወሬ አታውቅም፤ እማዬ ደግሞ ከጀመረች አታቆምም። ያንተ አጭር ነው፣ የእሷ ረጅም ነበር። አንተ ካቆምክበት በኋላ ያለው ጭራው አልተነካም። ብቻ ፊቷ የለም። ተናግራ ጨርሳ ተነሥታለች፤ ቪዲዮ አንሺው ካሜራውን ሳያጠፋ ገመድ ሊጠቀልል ሄዷል መሰለኝ፤ የሚታየው ባዶ ወንበርና መጋረጃው ነው። ድምጿ ግን ከወጥ ቤት ይመጣል። ሳህን እያጠበች ነው። ፀጉሬ አላማረም አይደል እያለች ቪዲዮ አንሺውን ትነዘንዘዋለች። ቀጥላ ስለ አንተ ታነሣለች፤ ያ ልጅ ብቻውን ሲሆን ቆሞ ነው የሚበላው፣ ተቀመጥ ሳልለው ረሳሁት ትላለች። በራሷ ትስቃለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ትላለች። አባባን ነው። በሩ ሲዘጋ ይሰማል፤ ክሩም እዚያ ላይ ያልቃል።

ፍላሹን ቤት አምጥቼ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። አባባ ወንበሩን ጎትቶ ግራ ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቅኩት፤ ጎረቤት ይቅር ይበለን። ሳህኑን ሰማ፣ ሳቋን ሰማ፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በሩን ዝጋው ስትል ግን ብድግ አለ፤ ሄዶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። ያደረገውን ያወቀው አልመሰለኝም። ልጄ ልትስቅ ስትል ዓይኔን አፈጠጥኩባት፤ ከዚያ እኔው ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ የዘወትር ሥራው ሆነ። ጠዋት ቁርሱን ይበላና ቴሌቪዥኑን ክፈቺልኝ ከማለቱ በፊት መጀመሪያ ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ብርዱ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ይቀመጣል፤ እሷ ትናገራለች፤ እሱ ተነሥቶ ይዘጋል። እኔም ሹራብ ደርቤ መቀመጥ ለምጃለሁ። ተው እንዳልለው ምን ብዬ? ትዳሩን ሙሉ ሲነዘነዝበት የኖረ ቃል ነው፤ አሁን ደስ ብሎት ይታዘዛል።

ትናንት እንደ ወትሮው በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። እሷ ሳህኗን አጠበች፣ ሳቀች፣ በሩን ዝጋው አለች። አባባ አልተነሣም። ባዶውን ወንበር እያየ ይጠብቃል። ፍላሹን ደግሜ ከፈትኩለት፤ አሁንም አልተነሣም። መሣሪያውን አየሁት፣ ባትሪው ደህና ነው። በመጨረሻ ተነሥቼ እኔ ዘጋሁት። ቀና ብሎ አየኝና «አለች እንዴ?» አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ደህና አደረግሽ አለና መሣሪያውን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ጨርሶ አልደነቆረም። ሐኪሟም ቀድሞ የሚጠፋበት ከማሽን የሚመጣው ድምፅ ነው ብላኝ ነበር። ተጠግተህ፣ አፍህን ጆሮው ላይ አድርገህ፣ በዝግታ ከተናገርከው አሁንም ይሰማሃል። እስከ መቼ እንደሆነ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ስለዚህ አደራህን፣ እንደ ድሮው ቀድተህ እንዳትልክለት። ስልክም አይሆንም። ሌላውን አንተው ታውቀዋለህ።

ስለ ካሴቱ ራስህን አትብላ። ቅዳበት ብላ ፕላስተሩን የለጠፈችው እሷ ናት። ድምጿ ያለበትን ፍላሽ ይህን ደብዳቤ በያዘው ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ብቻህን ስትሆን ስማው፤ ተቀምጠህ። ቁጥቡ ሌላ ፍላሽ ላይም ገልብጦ ሰጥቶኛል፤ «ምንም እንዳትቀዱበት» አለኝ። በዕድሜው የተናገረው ረጅሙ ንግግር ሳይሆን አይቀርም።

ባለቤትህን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ አንተን ችላ መኖሯ ብቻ ያስመሰግናታል። ትልቁን ልጅ ቁመት ይበቃዋል፣ አሁን ሥጋ ይጨምር በልልኝ። ትንሿን አክስትሽ ሥዕልሽን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች በላት። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ጫማህን አሁንም እሱ ነው የሚያደርገው፣ ከመጣህ ይመልስልሃል። ልጄ እጅ ትነሣለች፤ የአያቷን ሳቅ መኮረጅ ጀምራለች፣ ይሳካላታል።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጧል። ለእሱ ምን ልበልልህ ብዬ ጆሮው ላይ ስጮህ ብዙ አሰበ። በሩን የምዘጋው እሷ ዝጋው ስላለችኝ ነው፣ አልቆልፈውም በይው ብሎሃል።

እህትህ

ከአባባ ቤት፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
እሑድ፣ የካቲት 14 ቀን